ይማርሽ «አይሆንም» ማለትን ስታስተምር

ይማርሽ ከደጃፏ ጥርብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጧፍ ትሠራለች። የጥጡን ክር ከሞቀው ሰም ነከር ታደርገዋለች፤ በሁለት መዳፏ መካከል ታንከባልለዋለች፤ ቀጥ ሲልላት ከሰፌዱ ላይ ታጋድመዋለች። ጥምቀት አልፏል፤ አስተርእዮ ማርያም ደርሳለች፤ ለቤተ ማርያም የምትሰጠው ጧፍ ግን ገና እኩሌታው አልተሠራም። እጇ እንዲህ ሥራ ሲይዝ አፏ ያርፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይማርሽን አያውቃትም ማለት ነው። ላስታ ውስጥ ይማርሽ የማታውቀው ነገር የለም፤ ካለም እስካሁን ማንም ደፍሮ አልነገራትም።

ባሏ ደርበው ደግሞ ዝግ ያለ ሰው ነው። ነገር ሲነግሩት ወዲያው አይመልስም፤ እንደ በሬ መጀመሪያ ያመሰኳዋል። ዛሬ በማለዳ አሮጊት ጎረቤታቸውን እማማ ወለተ ሐናን ሊጠይቅ ሄዶ ቆይቶ መጣ። ገና አጥሩን ሳያልፍ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

ይማርሽ፦ አሰሩህ በለኛ!

ደርበው፦ ኧረ እማማ ወለተ ሐና አላሰሩኝም። ጠላ ነው የሰጡኝ።

ይማርሽ፦ ምን እያሉ ሰጡህ?

ደርበው፦ «ጠጣ ልጄ፤ ለገብርኤል ብዬ ያስቀመጥኳት ናት። አንተ ብትጠጣት ገብርኤል አይቀየመኝም» አሉ።

ይማርሽ፦ እሰይ! የመልአክ ድርሻ ጠጥተህ መጣህ! ታዲያ ከዚህ በላይ መታሰር በሰንሰለት ነው እንዴ?

ደርበው፦ [እጆቹን ዘርግቶ እያሳያት] ይኸው፣ እጄም እግሬም ልቅ ነው። በእግሬ ነው የመጣሁት።

ይማርሽ፦ የእኔ ጌታ፣ እግርህን መቼ አልኩ? በይሉኝታ አሰሩህ ነው የምልህ። ለመሆኑ በይሉኝታ ማሰር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

ደርበው፦ [ካመሰኳ በኋላ] ሰው ሲል እሰማለሁ። ተጠይቄ ግን አላውቅም።

ይማርሽ፦ ስማኝ እንግዲህ። እማማ ወለተ ሐናን ምን በደልካቸው?

ደርበው፦ ምንም።

ይማርሽ፦ ሰድበሃቸዋል? ደጃቸውን በከብት አስረግጠሃል?

ደርበው፦ ኧረ እመቤቴን!

ይማርሽ፦ አሁን ግን ሆድህ ውስጥ ምን ይልሃል?

ደርበው፦ ያጠፋሁ ያጠፋሁ ይለኛል።

ይማርሽ፦ ይኸው! ምንም ሳታጠፋ ያጠፋህ ያጠፋህ ሲልህ፣ «ምን ይሉኝ ይሆን» እያልክ ስትቁነጠነጥ፣ ያ ነው በይሉኝታ መታሰር። እንዲያ እያለህ እንድትመጣ አድርጎ የላከህ ሰው ደግሞ እሱ አሳሪ ይባላል።

ደርበው፦ ሀ! እንደ ቀበሌ ግምገማ በዪኛ።

ይማርሽ፦ አይደለም! በግምገማ ላይ ሰብሳቢው ጥፋትህን ይዘረዝርልሃል፤ አንተም ተነስተህ ትክዳለህ። በይሉኝታ ጊዜ ግን የሚዘረዝርልህ የለም። ሰብሳቢውም አንተ፣ ተገምጋሚውም አንተ፣ አጨብጫቢውም አንተ። ማንን ትክዳለህ?

ደርበው፦ ስብሰባውስ መቼ ነው የሚበተነው?

ይማርሽ፦ የፈለጉትን እስክትሰጥ ድረስ አይበተንም! እሱ ላይ ነው ክፋቱ። በል አሁን ንገረኝ፤ ከጠላው በኋላ ምን አሉህ?

ደርበው፦ እሳቸው ምንም አላሉም። እኔ ነኝ ጉልበታቸውን የጠየቅኳቸው።

ይማርሽ፦ ማን ጠይቅ አለህ?

ደርበው፦ እያሹት ነበራ።

ይማርሽ፦ [ክሩን ከሰሙ ውስጥ ረስታ] እያሹት! አንተ እያየህ እያሹት! አይ እማማ ወለተ ሐና፣ ሥራቸውን ሲያውቁ!

ደርበው፦ ከዚያማ፣ «ጉልበቴስ ምን ይላል ልጄ፤ ዘንድሮ እንኳ ለአስተርእዮ ገነተ ማርያም ያደርሰኛል ብዬ ነበር፤ ለካ እሱም እንደ እኔ አርጅቷል። ስለቴን ሳላደርስ መሞቴ ነው። ግድ የለም፣ ለእኔ አታስብ» አሉኝ።

ይማርሽ፦ አንተስ?

ደርበው፦ አሰብኩላቸው።

ይማርሽ፦ አሰብክላቸው! አየህ፣ «አስብልኝ» ቢሉህ ኖሮ «አይመቸኝም እማማ» ብለህ ትወጣ ነበር። ሰው «ለእኔ አታስብ» ያለህ ዕለት ነው እንቅልፍህ የሚሄደው። ይኼን የማያውቅ የለም እኮ! ያቺ ጎረቤታችን ብርቅዬ፣ ወንፊቴን ተውሳ ስትመልስ ባዶውን መልሳልኝ ታውቃለች? ሽንብራ ሞልታ ነው የምታመጣው። ለምን ይመስልሃል?

ደርበው፦ ደግ ናታ።

ይማርሽ፦ ደግነትማ ወንፊት አይዋስም! ሌላ ቀን ምጣዴን ስትጠይቀኝ አፌ እንዲያዝ ነው።

ደርበው፦ ሽንብራው ግን ጥሩ ነበር።

ይማርሽ፦ ጥሩ ነበር። እሱን ተወው። እሳቸው «ለእኔ አታስብ» ሲሉህ ምን መለስክ?

ደርበው፦ «በቅሎ አለችን» አልኳቸው።

[የያዘችው ጧፍ እጇ ላይ ተጣመመ።]

ይማርሽ፦ አልክ?

ደርበው፦ አልኩ።

ይማርሽ፦ እሳቸውስ?

ደርበው፦ «በቅሏችሁማ የፈረንጅ መቀመጫ ናት፤ የእኔን አጥንት ምን ታደርገዋለች» አሉ።

ይማርሽ፦ አጠበቁት! አንተ ግን የለቀቁህ መስሎሃል። ስማ ደርብ፣ በቅሎዋን እኮ አስጎብኚው ምሥጋናው ለማርያም ዕለት ይዟታል። ፈረንጆቹን አሸተን ማርያም ልታወጣለት! በዚያ ኪራይ ነው ቆርቆሮ የምንገዛው። በልጉ ሲመጣ ይኼ ጣራ ምን እንደሚሆን አጥተኸው ነው? አምና ድስቱንም ገበታውንም ደርድረን ዝናብ ስንቀበል አይደል ያመሸነው?

ደርበው፦ እውነትሽን ነው። ጣራውም ያሳዝናል።

ይማርሽ፦ ጣራ አያሳዝንም! ጣራ ያፈሳል! አሁን ደግሞ ጣራውም አሰረህ?

[ደርበው ከአጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጥቂት አመሰኳ። ይማርሽ ይህንን ዝምታውን አትወደውም፤ ሁልጊዜ ከውስጡ ጥያቄ ይወጣል።]

ደርበው፦ ይማር፣ እንዲገባኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አጨዳ ላይ ደክሞኝ ጋደም ያልኩ ጊዜ፣ መጥተሽ ማጭዴን አነሳሽና ብቻሽን ማጨድ ጀመርሽ። ምንም አላልሽኝም። ግን ትተነፍሺ ነበር።

ይማርሽ፦ ታዲያ ሳልተነፍስ ልጨድ?

ደርበው፦ አይ፣ ጮክ ብለሽ ነበር የምትተነፍሺው። ሸለቆው ማዶ ይሰማ ነበር። ተነሳሁ። ያ መታሰር ነው?

ይማርሽ፦ ያ ሥራ ነው!

ደርበው፦ እሺ። ለፋሲካ ዶሮው ሲቀርብ «አንተ ብላ፤ ለእኔ ክንፉ ይበቃኛል» አልሽ። የአባወራውን ፈረሰኛ አንስቼ ለአንቺ ሰጠሁሽ።

ይማርሽ፦ ያ ፍቅር ነው!

ደርበው፦ እሺ። ልጃችን ሰብሌ ከወልድያ ኮሌጅ ስትደውል፣ «ባትደውዪም ግድ የለም ልጄ፤ እኔ ፎቶሽን እያየሁ አወራለሁ» አልሻት። ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች።

ይማርሽ፦ ያ... ያማ እናትነት ነው!

ደርበው፦ [በቀስታ ራሱን እየነቀነቀ] እንግዲያው አንቺ ስታደርጊው ሥራ፣ ፍቅርና እናትነት ይባላል፤ እማማ ወለተ ሐና ሲያደርጉት ነው ማሰር የሚባለው።

ይማርሽ፦ እንዴታ! አሁን ገባህ። ተመስገን!

[ደርበው የገባው መሆኑ ራሱን ትንሽ ያስደነቀው ይመስላል። ይማርሽ ሰሙን ከፍሙ ራቅ አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ትምህርት ልትሰጥ ስትል ሁልጊዜ እጇን ትጠርጋለች።]

ይማርሽ፦ አሁን መፍቻውን ላስተምርህ። መፍቻው አንዲት ቃል ናት፤ «አይሆንም»። በላት።

ደርበው፦ አይሆንም... ካልሆነ ግን...

ይማርሽ፦ ካልሆነ ግን የለም! ያችን ጭራ ቁረጣት።

ደርበው፦ አይሆንም... ይቅርታ።

ይማርሽ፦ ይቅርታም የለም! «አይሆንም» ብለህ አፍህን ግጠም። ቆይ፣ እንዲህ አይሆንም፤ እኔ እማማ ወለተ ሐናን እሆናለሁ። በቅሎዋን እለምንሃለሁ፣ አንተ ትከለክለኛለህ።

[ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አደረገች፤ የደርበውን ዱላ ተመርኩዛ ጎንበስ አለች። ድምፅዋን ስታቀጥነው ልክ እሳቸውን ነው። ደርበው ብድግ አለ።]

ደርበው፦ እንዴት አደሩ እማማ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፣ ከዚህ ፀሐዩ ይሻላል!

ይማርሽ፦ [በራሷ ድምፅ] እኔ ነኝ አንተ! ለምን ትነሳለህ?

ደርበው፦ አሮጊት ቆማ ልቀመጥ?

ይማርሽ፦ ከተነሳህማ አለቀልህ! ሰውን በቅሎ የሚያሳጣው መነሳቱ ነው። ተቀመጥ። [እንደገና አጎንብሳ፣ በእማማ ወለተ ሐና ድምፅ] እንዴት አደርክ ደርብዬ። እኔማ አላስቸግርህም ብዬ ነበር። ለማርያም ያችን በቅሎ...

ደርበው፦ አይሆንም እማማ! በቅሎዋ አትሆንም!

ይማርሽ፦ [በራሷ ድምፅ] ጎሽ! ጎሽ!

ደርበው፦ እኔው ራሴ አዝዬ አደርስዎታለሁ።

ይማርሽ፦ [ዱላውን ወርውራ] ምን? ገነተ ማርያም ድረስ? ያንን ሁሉ ቁልቁለትና አቀበት?

ደርበው፦ በቅሎዋን እኮ አዳንኳት።

ይማርሽ፦ በቅሎዋን አድነህ ባሌን ልታሳጣኝ! ወገብህ ትናንት የጤፍ ከረጢት አላነሳ ብሎ ማን ነው ሲያቃስት ያደረው? ስማኝ፣ ደርብ። አንተ ልብህ ቅቤ ነው። ድንጋይ ሁን። ምንም ብል፣ ባለቅስም፣ ብወድቅም፣ ድንጋይ ሁን!

ደርበው፦ የየት አገር ድንጋይ?

ይማርሽ፦ የዚሁ የላሊበላ ነዋ!

ደርበው፦ እሱማ ሲፈለፍሉት እሺ ብሎ በርም መስኮትም አወጣላቸው።

ይማርሽ፦ [ሳቋን ዋጥ አድርጋ] እንግዲያው ያልተፈለፈለውን ሁን! ተዘጋጅ። አሁን አልምርህም።

[ዱላውን አነሳች። ይማርሽ የጀመረችውን ነገር ግማሽ ላይ የምትተው ሴት አይደለችም። እማማ ወለተ ሐና እንዴት እንደሚቆሙ፣ እንዴት መቀነታቸውን እንደሚነካኩ፣ ቃል ከመናገራቸው በፊት እንዴት ራቅ ብለው ሰማዩን እንደሚያዩ ታውቃለች። ሁሉንም አመጣችው።]

ይማርሽ፦ [በእማማ ወለተ ሐና ድምፅ] ደርብዬ...

ደርበው፦ አይሆንም።

ይማርሽ፦ [በራሷ ድምፅ] ቆይ፣ ገና ምን አልኩ! [መልሳ] ደርብዬ፣ እንዲያው ባወራህ ብዬ ነው። ዘንድሮስ ለሚቀጥለው ዓመት የምደርስ አይመስለኝም።

ደርበው፦ አይሆንም።

ይማርሽ፦ ያችን የከፋይ ጃንጥላ ከሣጥኔ አውጥቼ አያታለሁ፣ መልሼ እጠቀልላታለሁ። ስንት ዓመት ፈትል ፈትዬ፣ እየሸጥኩ የገዛኋት ናት። በእጄ ላስገባት ብዬ ነበር።

ደርበው፦ አይሆንም።

ይማርሽ፦ [በራሷ ድምፅ፣ ደስ ብሏት] አየህ! ትችላለህ! እሱ ግን ልል ቋጠሮ ነው፤ አሁን ጠበቅ ያለውን ላምጣው። [መልሳ፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል] በሰው ልልካት እችላለሁ፣ ልጄ። ግን ስለት ተስሎ በሰው እጅ መላክ፣ ለእመቤቴ «አልመጣሁም» ማለት አይሆንብኝም? መኪናውንስ ሞክሬው ወገቤ ተቆረጠ። እንግዲህ እሷ ታውቃለች። አንተን ምን አስጨነቀህ...

ደርበው፦ አይሆንም። ስለቱ ለማን ነበር፣ እማማ?

ይማርሽ፦ [በራሷ ድምፅ] ድንጋይ አይጠይቅም!

ደርበው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅ።

ይማርሽ፦ [ተጣድፋ፣ በእማማ ወለተ ሐና ድምፅ] ስለቱማ ልጄ፣ የዚያን የኩፍኝ ዘመን ነው። አንዲት ሕፃን ነበረች፤ ዓይኗ ተከድኖ፣ ጡት አልይዝ ብላ። እናቷ እንደ ጅል አፍጥጣ ትቀመጣለች፤ ማልቀሱም ጠፍቷት። እኔ ከደጃቸው ወጣሁና ወደ ገነተ ማርያም ዞሬ፣ «እመቤቴ፣ ይችን ሕፃን ብታተርፊልኝ የከፋይ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» ብዬ...

[ድምፅዋ በመካከሉ ተለወጠ። ቀጭኑ ጠፋ፤ የራሷ ቀረ። ዱላውን እንደያዘች ቆመች። ያን ቀን ከውስጥ ሆና ስለቱን የሰማችበትን ደጅ አየቻት። አሁን የቆመችበት ደጅ ነው። እንደ ጅል አፍጥጣ የተቀመጠችውንም ሴት አየቻት።]

ይማርሽ፦ ...ሰብሌን ነው።

ደርበው፦ አይሆንም።

ይማርሽ፦ ምን አልክ?

ደርበው፦ አይሆንም። በቅሎዋ ተይዛለች።

ይማርሽ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሰብሌን ነው የምልህ! ለእኛው ልጅ ነው የተሳሉት!

ደርበው፦ አይሆንም።

ይማርሽ፦ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ! ልጄ ተነስታ ስትሮጥ ሳይ ሁሉን ረሳሁት። እሳቸው አንድ ቀን «ለልጃችሁ የተሳልኩት» ብለው ያውቃሉ? አንዲት ቀን?

ደርበው፦ ያ ነው ማሰር?

ይማርሽ፦ የምን ማሰር! የሚያስር ሰውማ ገመዱን ያሳያል! እሳቸው ደበቁን እንጂ!

ደርበው፦ ታዲያ ጉልበታቸውን ያሹት?

ይማርሽ፦ አሟቸው ነዋ! አሮጊት ጉልበቷን ብታሽ ምን ይደንቃል? አንተ ሰው መሆን የተሳነህ!

ደርበው፦ ድንጋይ ሁን አልሽኝ።

ይማርሽ፦ አሁን ድንጋይነትህን ተውና ሂድ፣ «በቅሎዋ የእርስዎ ናት» በላቸው!

ደርበው፦ አይሆንም።

[ይማርሽ የገዛ ባሏን ፊት ትክ ብላ አየችው። ፊቱ እውነትም ድንጋይ ነው። ሰው እንዲህ ቶሎ ይማራል ብላ አልጠረጠረችም።]

ይማርሽ፦ ደርብ፣ ትምህርቱ አብቅቷል።

ደርበው፦ እኔ ገና ጀመርኩ። ምሥጋናውስ? ቃል ገብተናል።

ይማርሽ፦ ለምሥጋናው እኔ እነግረዋለሁ!

ደርበው፦ ጣራውስ? በልግ መጣ። ጣራ አያሳዝንም፣ ያፈሳል።

ይማርሽ፦ ያፍስሳ! ሣር እንደርብበታለን። ደግሞ ድስት እንደረድራለን። ሰማይ ያፈሰሰውን ጠጥተን አላደግንም?

ደርበው፦ አይሆንም።

ይማርሽ፦ [ረዥም፣ ሸለቆ ማዶ የሚሰማ ትንፋሽ ተነፈሰች] ግድ የለም። እኔም እንግዲህ እንደ እሳቸው አረጃለሁ። ያን ጊዜ...

ደርበው፦ ይኼኛው ምንድን ነው? ሥራ ነው፣ ፍቅር ነው ወይስ እናትነት?

ይማርሽ፦ [ነጠላዋን ከአናቷ ሳብ አደረገች።]

ደርበው፦ አሳሪ ካልሆንሽ ማለቴ ነው።

ይማርሽ፦ እሺ። እሺ! አላስርህም። ይኸው ነጠላዬን አወረድኩ፣ ይኸው ዱላህ። በግልጽ ልለምንህ። በቅሎዋን ስጣቸው። መንገዱንም እኔ ራሴ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ወገባቸውን ደግፌ፣ ቁልቁለቱን አውርጄ፣ አቀበቱን አውጥቼ፣ ገነተ ማርያም ደጅ ድረስ አደርሳቸዋለሁ። ጧፉን ብርቅዬ ትጨርስልኛለች። አሁን ምን ቀረህ?

ደርበው፦ አንቺ ራስሽ?

ይማርሽ፦ እኔ ራሴ!

ደርበው፦ በእግርሽ?

ይማርሽ፦ በእግሬ! ላሊበላን!

ደርበው፦ ማልሽ?

ይማርሽ፦ ማልኩ!

[ደርበው ዱላውን ከአጥሩ አስደግፎ ቁጭ አለ። ድንጋይነቱ ከፊቱ ላይ እንደ ጉም ተነሳ።]

ደርበው፦ እሺ።

ይማርሽ፦ ተመስገን! በል አሁን ሂድና በቅሎዋን ለማርያም እንደምናመጣላቸው ንገራቸው። ልባቸው ይረፍ።

ደርበው፦ በቅሎዋማ ከማለዳ ጀምሮ እሳቸው ደጅ ናት። ገብስ እየሰጧት ነው።

ይማርሽ፦ ምን?

ደርበው፦ ሁለቱ እንዲላመዱ ብዬ ነው።

ይማርሽ፦ ምሥጋናውስ?

ደርበው፦ ትናንት ነገርኩት። የአድማሴን በቅሎ ይዟል። «ለስለትማ ከሆነ» ብሎ መርቆኝ ሄደ።

[ይማርሽ ቀስ ብላ ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። ሰሙ ቀዝቅዞ ክሩን እንደያዘ ደርቋል።]

ይማርሽ፦ በቅሎዋን ሰጥተህ፣ ምሥጋናውን አሰናብተህ... ታዲያ ከእኔ ጋር ረፋዱን ሙሉ የምትጨቃጨቀው ምን ፈልገህ ነው?

ደርበው፦ እማማ ወለተ ሐና፣ «ወንድ ወገቤን ይዞኝ አልሄድም፤ የምትደግፈኝ ሴት ከሌለች በቅሎ ላይ አልወጣም» አሉ። «ይማርሽን ልጠይቃት?» አልኳቸው። «ኧረ ሥራ ይበዛባታል፣ እንዳታስቸግራት» አሉኝ።

ይማርሽ፦ ለምን መጥተህ በቀጥታ አልጠየቅከኝም?

ደርበው፦ «አይሆንም» ትያለሽ ብዬ። ማለቱን ታውቂበታለሽ።

ይማርሽ፦ ስለቱ ለሰብሌ መሆኑንስ ታውቅ ነበር?

ደርበው፦ ሲሳሉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ይማርሽ፦ [ድምፅዋ ዝቅ አለ] ይኼን ሁሉ ዓመት! ታዲያ ለምን አላስታወስከኝም?

ደርበው፦ ብነግርሽ የማስርሽ መስሎኝ። ራስሽ ስትደርሺበት ይሻላል ብዬ ነው።

[ይማርሽ አየችው። ብዙ ዓመት አብራው የኖረችውን ዝግ ያለ ሰው እንደ አዲስ እንግዳ አየችው። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። በቁጣው ፈንታ የመጣው ሳቅ ነበር፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች።]

ይማርሽ፦ አንተ ውስጠ ብልህ! ለመሆኑ ይኼን ማን አስተማረህ?

ደርበው፦ አንቺ ነሻ። ከሠርጋችን ጀምሮ። ዛሬ የሰጠሽኝ ክለሳውን ነው።

በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ ጉሙ ከሸለቆው ሳይነሳ፣ እማማ ወለተ ሐና በቅሎ ላይ ወጡ። ደርበው ጃንጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ታቦት በአናቱ ተሸክሞ ከፊት መራ። ይማርሽ አንድ እጇን ከአሮጊቷ ወገብ ሳታነሳ ከጎን ተጓዘች። በቅሎ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ቁልቁለት ላይ እንዴት ወደ ኋላ ዘንበል እንደሚሉ፣ እመቤታችን ደጅ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን እንደሚሉ መንገዱን ሁሉ ስታስተምራቸው ሄደች። እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ» ሲሉ ሄዱ። በቅሎ መቀመጥ ከተማሩ እንኳ ስንት ዘመናቸው! ጃንጥላዋን ግን በገዛ እጃቸው አስገቡ። በልግም ሲመጣ ጣራው እንደ ልማዱ አፈሰሰ፤ ይማርሽም ድስቷን ደረደረች። በዚያ ዓመት ስለ ጣራው ያማረረ ሰው ከዚያ ቤት አልተሰማም።

እኔ ደግሞ እናንተን አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሠፈራችሁ ደጃፏ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ አንዲት አሮጊት አትጠፋም። ዘንድሮ የት መሄድ እንደምትወድ ጠይቋት። እባካችሁ ግን ሁለቴ ጠይቋት፤ የመጀመሪያውን ጊዜ «የትም» ነው የምትላችሁ።